መድረኩን ለሠሪው፣ ጉባኤውን ለቦንጋ

አዲስ አበባ ውስጥ የቴክኖሎጂ ስብሰባ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ሥርዓቱን በቃላችሁ ትሉታላችሁ። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳው ይጠበቃል፤ አርፍዶ ይመጣል። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ደግሞ የአጋር ድርጅቶች መልዕክት። ሻይ ዕረፍት። ከሻይ በኋላ ፓናል፤ አራት ሰው ሶፋ ላይ ተደርድሮ ስለ «ዲጂታል ኢኮሲስተም» ያወራል። ወጣቱ ከኋላ ወንበር ላይ ስልኩን እየነካካ ምሳ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። ማታ ቴሌግራም ላይ ፎቶ በፎቶ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አንድ መስመር ኮድ ስክሪን ላይ አልወጣም።

ይህን የምናነሳው ለመተቸት ብቻ አይደለም። አንድ ሐሳብ አለን፤ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ግን ከልብ ነው። በዚህ አገር የኦፕን ሶርስ ዌብ ልማት ጉባኤ ይደረግ ከተባለ ካፋ ዞን፣ ቦንጋ ላይ ይደረግ። ተናጋሪዎቹም በወንበራቸው ወይም በተከታዮቻቸው ብዛት ሳይሆን በሠሩት ሥራ ይመረጡ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ክፍት ምንጭ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ጥሩ ነው፤ ጠበል ቦታ የሚመስለው ሰው ቢኖር ግን አንፈርድበትም። ነገሩ ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ይታያል፣ ይቀዳል፣ ይሻሻላል፤ በምን ሁኔታ እንደሆነ ደግሞ ላይሰንሱ ይናገራል። ርቆ የሚሄድ ነገር አይደለም። አንድሮይድ ስልካችሁ የቆመው ሊኑክስ ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የቴሌግራም አፕ ኮዱ ክፍት ነው፤ ሰርቨሩ ግን አይደለም። በእጃችሁ ያለው የፋይዳ ቁጥር የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው ሥርዓት ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የተጀመረ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱን ጊትሃብ ላይ ገብቶ ማንበብ ይቻላል። ጤና ጣቢያው ወርሃዊ ሪፖርቱን የሚልክበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያለማው ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያን ካሌንደር ይቀበላል፣ 13ኛዋን ወር ጳጉሜንንም ጨምሮ።

እንግዲህ አገሪቱ በኦፕን ሶርስ ላይ ነው የምትሄደው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄው ስለ እሱ ሲወራ ማን ነው የሚያወራው የሚለው ነው። የሞሲፕ ማኅበረሰብ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤውን በ2016 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ አካሂዷል። ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው መድረክ በባሕሪው የመንግሥታትና የአቅራቢ ድርጅቶች ነው፤ ቦንጋ ወይም ሚዛን ያለ የ3ኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ገብቶ «ይህቺን ባግ አገኘኋት፣ እንዲህ አድርጌ ፈታኋት» የሚልበት ቦታ አይደለም።

እንዲህ የሚባልበት ቦታ ግን በዓለም ላይ አለ። ፎስደም የሚባለው ጉባኤ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ብራስልስ ውስጥ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይደረጋል። መግቢያ በነጻ ነው፣ ምዝገባ የለም፣ የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገለጻዎቹም ተቀርጸው ለሁሉም ይለቀቃሉ። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የገንቢዎች ጉባኤዎች ተናጋሪ የሚመርጡበት መንገድም ተመሳሳይ ነው፦ ከወራት በፊት የገለጻ ጥሪ ይወጣል፣ ማንም ሰው ርዕሱንና አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ይልካል፣ ኮሚቴ ያነባል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲያነቡ የአመልካቹን ስም ይሸፍኑታል። የተመረጠው ሰው 25 ወይም 30 ደቂቃ ያገኛል። ከዚያ ደግሞ «መብረቅ ገለጻ» የሚሉት አለ፤ 5 ደቂቃ፣ ደወል ሲደወል ዓረፍተ ነገርህን ባትጨርስም ትወርዳለህ። (ይህቺን ደወል ለመክፈቻ ንግግሮቻችን ብናስመጣት ምን ነበረበት?)

አፍሪካም ከኋላ አይደለችም። የአፍሪካ የፓይተን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 አክራ ላይ ተጀመረ። የአፍሪካ ኦፕን ሶርስ ማኅበረሰብ በ2020 መጀመሪያ ሌጎስ ላይ ፌስቲቫሉን አደረገ። የጃንጎ ገንቢዎች የአፍሪካ ጉባኤ በ2023 ኅዳር ዛንዚባር ላይ ተካሄደ፤ ዛንዚባር ዋና ከተማ አይደለችም፣ ማንም ግን «ለምን እዚያ?» አላለም። የእኛ ተራ ደግሞ ለጥቂት ነው ያመለጠን። አይሲኤልአር የሚባለው ትልቅ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ለ2020 ሚያዝያ አዲስ አበባ ተቀጥሮለት ነበር። አንዱ ምክንያት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ለሚደረጉ ጉባኤዎች ቪዛ ተከልክለው በተደጋጋሚ መቅረታቸው ነው፤ ይህን ጩኸት ካሰሙት መካከል አዲስ አበባ ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ያቋቋሙት ብላክ ኢን ኤአይ የተባለው ስብስብ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጉባኤው ኦንላይን ሆነ፣ አዳራሹ ሰው ሳያይ ቀረ።

እሺ፣ ለምን ቦንጋ?

ለበጎ አድራጎት አይደለም። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ከተማ ስለሆነች «እናስታውሳት» ለማለትም አይደለም። ለዌብ ገንቢ አሁን በዚህ አገር ካሉት ጥያቄዎች በጣም ከባዱና በጣም አስቸኳዩ ያለው ካፋ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት ይላል። ማረጋገጫው ደግሞ ወረቀትና ማህተም አይደለም፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ የት እንዳለ ነው። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በመስመር ይሣላል፤ ከዚያ ላነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ ግን ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተገፋ ቆይቷል፤ መገፋቱ ግን መቅረት አይደለም። ጀርመንን የመሰለች አገር ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናት።

እስቲ ይህቺን 6 አሃዝ አስቧት። 6ኛዋ አሃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ከስኒ ትንሽ ከፍ ያለች። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ገላጣ ሰማይ ሥር ቆሞ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ካፋ ውስጥ ቡናው ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው፣ ቅጠሉ ሲግናሉን ይከለክላል። የሳተላይት ምስል በበኩሉ ከላይ ሲያይ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው፤ የጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡናና ጥብቅ ደን ለመለየት ይቸገራል። ገበሬው ያረጀ ጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ኮምፒውተሩ «ደን ተመነጠረ» ሊል ይችላል ማለት ነው። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፤ ደኑን ጠብቆ የኖረ ገበሬ ደን አጥፊ ተብሎ ገበያ የሚያጣበት ዕድል የሚመጣው ከክፋት አይደለም፣ ካልተስተካከለ ዳታ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ጨምሩበት፦ ዳታው የማን ነው? እያንዳንዱ ላኪ የራሱን የተዘጋ አፕ ይዞ ከመጣ አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ይለካል፣ ሦስት ጊዜ ስሙን ይሰጣል፣ በመጨረሻ ግን የማሳው ካርታ በእሱ እጅም በማኅበሩም እጅ የለም። ላኪ ልቀይር ቢል እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ ላይ ኦፕን ሶርስ ፋሽን መሆኑ ያበቃና የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። መሣሪያዎቹ አሉ። ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥ መዝግበው ኔትወርክ ሲያገኙ ይልካሉ። ኪውጂአይኤስ ካርታውን ያርማል። ሊፍሌት የተባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አንድ ዩክሬናዊ ገንቢ ነው የጀመረው፤ 42 ኪሎባይት ገደማ ናት፣ ርካሽ ስልክ ላይ ካርታ ትከፍታለች። እነዚህን አጋጥሞ፣ በአማርኛና በካፊ ኖኖ አድርጎ፣ ዳታውን ለገበሬዎቹ ማኅበር የሚያስረክብ ሥርዓት መሥራት ለ4 ወጣቶች የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ኔትወርክ አልባ ጫካ ውስጥ ምን እንደሠራና ምን እንደከሸፈ 30 ደቂቃ ቆሞ የሚያሳይ ልጅ ቢገኝ፣ ያንን ገለጻ ከኮሎምቢያ እስከ ቬትናም ያለ የቡና አገር ገንቢ ሁሉ ቪዲዮውን ፈልጎ ያየዋል። ለምን ቢባል፣ ጥያቄው የእነሱም ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ። ይህን ገለጻ ሸራተን አዳራሽ ውስጥ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከገለጻው በኋላ «ኑ እንሞክረው» ብሎ ጫማ ቀይሮ ጫካ መግባት አይቻልም። ቦንጋ ላይ ይቻላል።

ካርታው ብቻም አይደለም። የካፊ ኖኖን ነገር ተመልከቱ። ቋንቋው በላቲን ፊደል ይጻፋል። ልጁ ለእናቱ ልጅ በቋንቋው ቴክስት ሲጽፍ የስልኩ አራሚ እንግሊዝኛ ይመስለውና ቃሉን ያበላሽበታል። ብዙ ሰው ተናዶ አራሚውን ያጠፋዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወደ አማርኛ ይዞራል። ሀንስፔል የሚባል ክፍት የፊደል ማረሚያ አለ፤ ፋየርፎክስም ሊብረኦፊስም የሚጠቀሙት እሱን ነው። የሚፈልገው የቃላት ዝርዝርና የአረባብ ሕግ የያዙ ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ፕሮግራመር መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ ቋንቋውን የሚያስተምር መምህርና አንድ ኮምፒውተር የሚነካ ልጅ ይበቃሉ። መምህሩም ተናጋሪ ሆኖ መድረክ ይወጣል ማለት ነው። በካፊ ኖኖ ቢናገር ደግሞ የተሻለ፤ ትርጉም የእኛ ዕዳ ይሁን።

ከዚህ ቀደም ሆኖ ያውቃል ወይ የሚል ካለ፣ ፊደላችን ራሱ ምስክር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአንዱ ኮምፒውተር አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ጥርሱ የወለቀ ሳጥን ነበር። ይህን ነገር የገፉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሥራች ዳንኤል ያዕቆብ፣ የኢትዮጵያን ቀንና የግዕዝን ቁጥር የሚያሰሉ ክፍት የፐርል ሞጁሎችንም ጽፎ ለቋል። ዛሬ ብሮውዘራችሁ የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፤ በጃቫስክሪፕት አንድ መስመር ጽፋችሁ የዛሬውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ታወጣላችሁ። ሲኤስኤስም የግዕዝ ቁጥርን ያውቃል፤ ዝርዝራችሁን ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ ይቆጥርላችኋል። ዜሮ የሌለው ቁጥር፣ ከመቶ በላይ ፻ና ፼ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት፣ እንዴት በኮድ እንደሚሰላ የሚያስረዳ ገለጻ ብቻውን አንድ ከሰዓት ያስቆያል። እነዚህን ነገሮች ሳናውቅ ግን ስንቱ የእኛ ድረ ገጽ ነው ልደት ቀን ሲጠይቅ በፈረንጅ ካሌንደር ብቻ የሚጠይቀን!

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል እናድርግ። ካፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ናት፤ ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ዘሩ ከእነዚህ ደኖች ወጥቶ ዓለምን ዞረ፣ የማንም ሆነ። እንደ ኦፕን ሶርስ አይደል? አይደለም። ዘሩ ሲወጣ ላይሰንስ አልነበረውም። ጂፒኤል የተባለው ላይሰንስ «ውሰድ፣ ቀይር፣ ለሌላ ስትሰጥ ግን የቀየርከውንም ክፍት አድርገህ ስጥ» ይላል። ቡናችን ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር፤ ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር እስከ 1999 ዓ.ም. የተሟገተችው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ላይሰንስ የሚናገር የሕግ ሰው ጉባኤው ላይ ቢጋበዝ ቦንጋ ላይ አድማጭ አያጣም።

ኦፕን ሶርስን ከደቦ ጋር ማመሳሰልም የተለመደ ሆኗል። ያምራል፤ ግን ልዩነቱን ደብቀን ወጣቱን አናታልል። ደቦ ላይ ባለ ማሳው ጠላውንና እህሉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኦፕን ሶርስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያበላ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ገንቢ ተናዶ 11 መስመር ብቻ ያላትን ኮዱን ሲያነሳ በዓለም ዙሪያ ስንት ፕሮጀክት ቆመ። በ2024 ደግሞ ኤክስዜድ የተባለችዋን የፋይል መጭመቂያ ለዓመታት ብቻውን ሲጠብቅ የደከመ ሰው፣ ረዳት መስሎ የቀረበው አካል የኋላ በር አስገባበት፤ በሰፊው ሳይሠራጭ ለጥቂት ነው የተያዘው፤ ያወቀው አንድ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ነበር፣ እሱም ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር። የኦፕን ሶርስ ጉባኤ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ኮድ የሚጽፈውና ኮዱን የሚበላው ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ «አንተን ማን ይከፍልሃል?» የሚባልበት ቦታ ነው።

ተቃውሞው ይገባናል። መብራት ይጠፋል። ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። በአውሮፕላን የሚመጣ ጅማ ላይ ወርዶ 100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይቀጥላል። መልሳችን አጭር ነው፤ ያለ ጥሩ ኢንተርኔት የማይሠራ የዌብ ጉባኤ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይሠራ ዌብ እየሠራ ነው ማለት ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ የላይብረሪዎቹን ቅጂ አስቀምጦ ለአዳራሹ በዋይፋይ ማደል ይቻላል፤ ኪዊክስ ሙሉ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያነባል። ኦፕን ሶርስ የሚፈቅደው ይህንኑ ነው። መብራት ከጠፋ ተናጋሪው ያለ ስላይድ ይናገር፤ ጥሩ ተናጋሪ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል። አዳራሽ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለው።

የሚያስቸግረው ገንዘቡ ሳይሆን አበሉ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። የስብሰባ በጀት ሲወጣ ትልቁ ድርሻ ለአበልና ለብፌ ከሆነ፣ ለተማሪ የአውቶቡስ ቲኬት የሚተርፍ የለም። ሌሎች ጉባኤዎች የጉዞ ድጋፍ የሚሉት አላቸው፤ ገለጻው የተመረጠ ግን መሄጃ የሌለው ሰው ይጠይቃል፣ ይሸፈንለታል። የእኛም እንዲሁ ይሁን። አበል ለማንም አይከፈል። ከተማሪዎቹና ከሴት ገንቢዎች ለሚመጡ ማመልከቻዎች ቀድሞ የሚረዳ ሰው ይመደብ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚቀረው ችሎታ አጥቶ ሳይሆን ያንን አንድ አንቀጽ እንዴት እንደሚጽፍ የሚያሳየው አጥቶ ነው። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ኮርስ ጨርሶ ሰርተፍኬቱን የለጠፈ ወጣት በየከተማው አለ። ቀጣዩ ደረጃ ሌላ ሰርተፍኬት መሆን የለበትም፤ የመጀመሪያውን ፑል ሪኩዌስት የሚልክበት ጠረጴዛ፣ አጠገቡም ቀድሞ የላከ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥር ማብቂያ ላይ ይመቻል። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ የቡና ለቀማው አልቆ ገበሬውም ፋታ ያገኛል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ከፈተና ይወጣል። የገለጻ ጥሪው ግን መስከረም ላይ መውጣት አለበት። ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፤ ማዕረግ የሚሞላበት ቦታ አይኑረው። ምን ሠራህ፣ ምን ሠራሽ፣ ኮዱ የት ይገኛል፣ ምኑ አልሠራም። የክብር እንግዶች እንዲመጡ እንፈልጋለን፣ በአክብሮት እንጋብዛቸዋለን፤ ለንግግራቸውም እንደማንኛውም ሰው 5 ደቂቃ፣ ደወሉም የካፋ ልጅ እጅ ላይ።